የአጥር ታሪክ፦ ከእሾህ አጥር እስከ ይዞታ ካርታ



የዛሬው ርዕሳችን ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት አይደለም። በየቀኑ ስለምናልፈው፣ ግን ቆም ብለን ስለማናየው ነገር ነው፦ ስለ አጥር። በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ስንቱ የቆየ ጉርብትና በአንድ ክንድ መሬት ምክንያት ፈርሷል? ስንቱ ወጣት ቤተሰቡ ያወረሱትን ግቢ በብሎኬት ላጥር ብሎ ሲነሣ «ፈቃድ አለህ ወይ?» ተብሎ ሥራው ቆሟል? ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ገንዘቤ ለማጥረው አጥር ማዘጋጃ ቤት ምን አገባው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የአጥር ታሪክ ማን መሬት ነበረው፣ ማን አልነበረውም የሚለው ታሪክ ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ይህ ታሪክ የቅርብ ቁስልም የቅርብ ድልም አለበት።

አንደኛ፦ አጥር በጎጃም ምድር

በጎጃም ገጠር አጥር የሚታጠረው ለማሳው አልነበረም። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በየማሳው ቃርሚያውን ይግጣል። አጥር የሚያስፈልገው ለቤቱና ለበረቱ ነው፤ ዋናው ጠላትም ጅብ ነው። ስለዚህ የድሮው አጥር ከእሾህ ቅርንጫፍ፣ ከአጋም፣ ከቀጋ፣ ከቁልቋል፣ ከቅንጭብ ወይም ከድንጋይ ካብ የተሠራ ነበር። ቁልቋሉና ቅንጭቡ ሥር ሰድዶ የሚያድግ ሕያው አጥር ስለሆነ ድንበር ለመለየትም ያገለግላል። ባሕር ዛፍ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ወደየከተማው ተስፋፍቶ ለአጥር የሚሆን ቀጥ ያለ አጣና ሰጠን። ቆርቆሮ ሲመጣ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ ተመታ። ዛሬም ብዙ ሰፈሮቻችን የሚታወቁት በዚሁ የቆርቆሮ አጥር ነው።

ደብረ ማርቆስ ራሷ የተቆረቆረችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነበር፤ የቆረቆሯትም ደጃዝማች ተድላ ጓሉ እንደነበሩ ይነገራል። በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተሰማ «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሲሆኑ ከተማዋ መናገሻቸው ሆነች። በቅዱስ ማርቆስ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያንም የአሁኑን ስሟን ወሰደች። እንደ ሌሎቹ የዘመኑ የመኳንንት ከተሞች መሀሉን የያዙት ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኑ ነበሩ። የንጉሥ ግቢ ቅጽር አለው፤ የመኳንንት ግቢ አጥር አለው። የአጥሩ ቁመትና የበሩ ስፋት ሰውየው ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። «ግቢ» የሚለው ቃላችን የቤተ መንግሥት መጠሪያ እስከመሆን የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፦ ማን ነበር የሚያጥረው?

በሰሜኑ ደጋ መሬት የሚያዘው በርስት ነበር። ርስት ከአባት ከእናት በትውልድ ሐረግ የሚቆጠር መብት ነው። ሙስሊሞች በአብዛኛው ከዚህ መብት ውጭ ነበሩ። ኑሯቸው በንግድ፣ በሽመናና በሌላ እጅ ሥራ ላይ የተመሠረተውም ለዚህ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ትላልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ፣ እንዲሁም ያ ዘመን የሚያሳፍረው የባሪያ ንግድ፣ የሚተላለፈው በዚያ ነበር። በዚህ ንግድ ውስጥ የሙስሊም ነጋዴዎች ድርሻ ትልቅ ነበር። የአገሩን ገበያ ከአገር ገበያ የሚያገናኙ ሰዎች ነበሩ፤ ልጃቸው የሚወርሰው ርስት ግን አልነበራቸውም።

አንዳንዴም አጥሩ በሙስሊሙ እጅ ሳይሆን በእሱ ላይ ይታጠር ነበር። በጎንደር ዘመን በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በጎንደር ከቀሃ ወንዝ አጠገብ «እስላም ቤት»፣ በኋላም «አዲስ ዓለም» የተባለው ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰው ቤተሰቡን ለመጠበቅ የሚያጥረው አጥር እና መንግሥት ሕዝብን ከሕዝብ ለመለየት የሚያጥረው አጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሌላ በኩል ሐረርን እንይ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ያሠሩት የጀጎል ግንብ ከተማዋን ከጥቃት ለመከላከል የተሠራ ነው። ጥንታዊዎቹ በሮቹ አምስት ናቸው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በግንቡ ውስጥ ስትገቡ ጠባብ መንገዶችን፣ ግራና ቀኝ የቆሙ የግቢ ግንቦችን ታያላችሁ። ቤተሰብ ከውስጥ፣ መንገደኛ ከውጭ፤ ሁለቱም በሰላም ይኖራሉ። ይህን ምሳሌ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ጎጃም እንመለስ። በጎጃም መሬት ምን ያህል የሚያንገበግብ ጉዳይ እንደነበር ለማየት የ1960 ዓ.ም.ን የገበሬ አመፅ ማስታወስ ይበቃል። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ የጎጃም ገበሬ «ዛሬ ሊለኩት፣ ነገ ሊወስዱት ነው» ብሎ ተነሣ። የቀያሽ ገመድ ያስፈራው ርስት ያለውን ሰው ነበር። ርስት ያልነበረው ሙስሊም ግን በዚህ ክርክር ውስጥ እንኳ ቦታ አልነበረውም፤ የሚለካበት ማሳ የለውምና።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ብዙ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን ከቀረቡት 13 ጥያቄዎች መካከል የመሬት ባለቤትነት መብት አንዱ ነበር። በዓላት እንዲከበሩ የቀረበውን ጥያቄ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ የመሬቱን ጥያቄ ግን እንረሳዋለን። ያ ሰልፍ በአጭሩ «እኛም ድንበር ይኑረን» የሚል ሰልፍ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ሁለት አዋጆች መጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ይህ ሁለተኛው አዋጅ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ መያዝ እንዲችል ፈቀደ። ስለ ደርግ የምንለው ሌላ ብዙ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ንብረቱን አጥቷል፣ ብዙ ደምም ፈስሷል። ነገር ግን ሃይማኖት ሳይጠየቅ ቦታ የመያዝ መብት በሕግ የተጻፈው በዚያ ጊዜ መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። ስለዚህ የአያታችሁ የቆርቆሮ አጥር በዚያን ዘመን የታጠረ ከሆነ ከቆርቆሮ በላይ ትርጉም አለው።

ሦስተኛ፦ ማዘጋጃ ቤት እንዴት ገባበት?

ጣልያን ከወጣ በኋላ (ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በደብረ ማርቆስ በኩል እንዳለፉ ልብ ይሏል) መንግሥት ከተሞችን በሕግ ማስተዳደር ጀመረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ አዲስ አበባንና ጎንደርን በአንደኛው ተርታ፣ ሌሎች በርካታ ከተሞችን በሁለተኛው ተርታ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ መንገድ፣ ጽዳት፣ የእሳት መከላከልና ግንባታ የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ሆኑ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 1225 አንድ ባለንብረት ንብረቱን ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ደነገገ። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታና ድምፅ እንኳ የሚያስጠይቅ ሆነ። «በገዛ ግቢዬ ማን ያዘኛል» የሚለው ክርክር በሕግ ፊት ካበቃ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

በደርግ ዘመን ቀበሌ መጣ። የድንበር ጠብ ወደ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሄደ። የቀበሌ ቤቶች ግቢ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኑሮ ፈጠረ፤ አንድ ግቢ፣ አንድ በር፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ አራት አምስት ቤተሰብ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚያ ግቢ አብሮ ልጅ አሳደገ። በመካከላቸው አጥር አልነበረም። አንዱ የሌላውን ገመና የሚጠብቀው በይሉኝታ ነበር።

ከኢሕአዴግ በኋላ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። የሊዝ አዋጆች ተከታተሉ፤ ከእነሱም አንዱ ቁጥር 721/2004 ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ መንገድና ሰፈር በፕላን እንዲመራ አደረገ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ግንባታ በፈቃድ እንዲሆን ደነገገ። ደብረ ማርቆስ በ1999ኙ ቆጠራ 62,497 ነዋሪ ስለነበራት ከዚህ ወሰን በብዙ ትበልጣለች። አዋጁ ፈቃድ የሚሰጠውን ኃላፊ «የሕንፃ ሹም» ብሎት ነበር፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው የሚያመለክትበት የይግባኝ ሰሚ ቦርድም ነበረው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 በበኩሉ የእያንዳንዱ ይዞታ ወሰን ተለክቶና ተረጋግጦ በመዝገብ እንዲሰፍር አዘዘ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው አንድ ነገር ለማለት ነው። በአያቶቻችን ዘመን ድንበርን የሚያሳየው አጥሩ ነበር። ዛሬ ድንበርን የሚያሳየው ካርታው ነው፤ አጥሩ ካርታውን ተከትሎ ይቆማል። አርባ ዓመት የቆመ ቁልቋል ካርታው ላይ ካለው መስመር ከወጣ ያጋጫል። መሬት ተነፍጎ ለኖረ ማኅበረሰብ ደግሞ ካርታ ቸል የሚባል ወረቀት አይደለም።

አራተኛ፦ በእስላም ከተሞች የአጥር ሕግ

አንዳንድ ወጣቶች የአጥር ደንብ የዘመናችን ቢሮ የፈጠረው ይመስላቸዋል። አይደለም። የእስላም ከተሞች ገና ከጅምሩ በደንብ የተመሩ ነበሩ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ኩፋ ስትቆረቆር ዋና መንገዶቹ 40 ክንድ፣ ቀጣዮቹ 30 እና 20፣ ውስጥ ለውስጥ ያሉት ደግሞ 7 ክንድ እንዲሆኑ ማዘዛቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። የ7 ክንዱ ልክ መሠረቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች በመንገድ ስፋት ቢጨቃጨቁ ሰባት ክንድ እንዲተው ማዘዛቸው ነው። ስለዚህ አጥርን አንድ ክንድ ወደ መንገድ ማውጣት ከማዘጋጃ ቤት ጋር ብቻ የሚያጣላ ጉዳይ አይደለም። መንገድ የመንገደኛው ሁሉ ሐቅ ነው፤ በየውሙል ቂያማ ከስንቱ መንገደኛ ይቅርታ ይጠየቃል?

ስለ ገመና ደግሞ የፉስጧጥን ታሪክ እናንሣ። በግብፅ በአምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) አስተዳደር ጊዜ ኻሪጃ ኢብን ሑዛፋ ከቤቱ ላይ ሰገነት ሠራ። የጎረቤቶቹን ገመና ያያል የሚል ወሬ ለኸሊፋው ደረሰ። ዑመር «ይፍረስ» ብለው ብቻ አልጻፉም። ከሰገነቱ ውስጥ አልጋ ይቀመጥ፣ ረጅምም አጭርም ያልሆነ ሰው ይቁምበት፣ ከመስኮቱ ወደ ውጭ የሚያይ ከሆነ ይወገድ ብለው አዘዙ። ተሞከረ፤ ሰውየው አላየም፤ ሰገነቱም ተተወ። እስቲ አስተውሉ! ክስ በወሬ አልተወሰነም፤ በልክ ተለካ። የጎረቤትም መብት ተጠበቀ፤ የባለቤቱም ንብረት በከንቱ አልፈረሰም።

ከዚያ በኋላ ዑለማዎች በዚህ ጉዳይ መጽሐፍ እስከመጻፍ ደረሱ። በአንደሉስ የቱዴላው ዒሳ ኢብን ሙሳ (በ386 ሂጅሪያ የሞቱ) ስለ ግድግዳና አጥር ብቻ የሚናገር ኪታብ አዘጋጁ። በቱኒዝ ደግሞ ኢብኑ ራሚ የተባሉ የግንበኛ ባለሙያ በቃዲዎች እየታዘዙ የጎረቤት ክርክሮችን ቦታው ድረስ ሄደው ይመረምሩ ነበር፤ ያዩትንም ጻፉ። የጋራ ግድግዳ የማን ነው? ሲፈርስ ማን ያድሳል? በር ከጎረቤት በር ፊት ለፊት ይከፈታል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬ በደብረ ማርቆስ የምንጠይቃቸው ናቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ጎረቤቱን በግድግዳው ላይ እንጨት ከመትከል እንዳይከለክል አስተምረዋል፤ ዑለማዎች ግዴታ ነው ወይስ የተወደደ በሚለው ቢለያዩም፣ ግድግዳ መጠላያ እንዳይሆን መታሰቡ ግልጽ ነው።

አምስተኛ፦ የዘመናችን ጥያቄ

በቅርብ ዓመታት ከአዲስ አበባ የጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ተዛምቷል። አብሮትም በዋና መንገዶች ዳር ውስጡን የሚያሳይ አጥር እየተለመደ መጥቷል። ዓላማው ከተማው እንዲያምር፣ ግቢው አረንጓዴ እንዲሆን ነው። ሆኖም በብዙ ቤቶቻችን እናቶችና እህቶች በግቢያቸው ልብስ ያጥባሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ። ለእነሱ አጥር የገመና ጉዳይ ነው። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ ገመናቸው ለመንገደኛ እንዲታይ አይሹም። ይህ ጥያቄ የአንድ ወገን ጥያቄ አይደለምና እንደዚያ አናቅርበው።

መፍትሔው ደንቡን በሌሊት ጥሶ ማጠር አይደለም። ጉዳዩ ገና በፕላን ላይ ሳለ በሰፈር ስብሰባ ማንሣት፣ በጽሑፍ ማመልከት፣ ቅር ካሰኘም ይግባኝ ማለት ይቻላል። ከአጥሩ ውስጥ ጽድ ወይም ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ተክል መትከል፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰውም ሳሎንና ጓሮውን ከመንገድ ዞር አድርጎ መንደፍ ይችላል። የሐረር ሰዎች ገመናቸውን የጠበቁት በአጥር ቁመት ብቻ አይደለም፤ በቤታቸው አቀማመጥም ጭምር ነው።

አጥር ለማጠር የምትነሡ ወጣቶች ከሁሉ በፊት እነዚህን አድርጉ፦

1. ካርታችሁን አውጡና እዩ። በአያት ወይም በአባት ስም የቀረ ከሆነ የውርስ ማረጋገጫውን ጨርሳችሁ ስሙን አዛውሩ። የእህቶቻችሁን ድርሻ አትርሱ፤ በሸሪዓም በሕግም ሐቃቸው ነው።

2. ወሰኑ በማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ይለካ። ሲለካ ጎረቤት ይኑር። በኋላ ከመከራከር አብሮ ቆሞ ማየት ይሻላል።

3. ፈቃድ ውሰዱ። የአጥሩ ቁመት፣ ቁሱና ከመንገድ የሚኖረው ርቀት በከተማው መመሪያ ይወሰናል፤ ብሎኬት ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። የተሰጣችሁን ወረቀት ሁሉ ጠብቁ።

4. መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት ለጎረቤት ንገሩ። የጎረቤት ግድግዳ ከጉድጓዳችሁ አጠገብ ካለ በበጋ ሥሩ። የጎጃም ክረምት ለተከፈተ መሠረት አይራራም።

5. የዝናብ ውኃ መውጫ ተዉ። ውኃችሁ ወደ ጎረቤት ግቢ ከገባ አጥሩ ቢያምርም ጠብ ነው።

በ1999ኙ ቆጠራ በደብረ ማርቆስ ሙስሊሞች ከመቶ 2 አይሞሉም ነበር፤ ወደ 1,000 ሰው ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ማለት የአብዛኞቻችን ጎረቤት ክርስቲያን ነው ማለት ነው። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ በሃይማኖት አይከፈልም። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት አደራ ከማብዛታቸው የተነሣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊሆን ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰዋል። ዐብደላህ ኢብን ዐምርም (ረ.ዐ) በግ ባሳረዱ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቁት ለአይሁድ ጎረቤታቸው መድረሱን ነበር።

አያቶቻችን የሚያጥሩት መሬት አልነበራቸውም፤ ጎረቤት ግን ነበራቸው። ለዘመናት በዚያ ምድር የቆዩት በጎረቤት ነው። እኛ ዛሬ መሬቱም ካርታውም አለን፤ አልሐምዱሊላህ። መሬቱን ስናገኝ ጎረቤቱን እንዳናጣ እንጠንቀቅ። አጥራችን በካርታው መስመር ላይ ይቁም፤ የመንገዱን ሐቅ ይተው፤ ገመናችንን ይጠብቅ። በሩ ደግሞ ለቡና የሚጠራ ጎረቤት ሲያንኳኳ የሚከፈት ይሁን።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላም ቤት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።